በዓሉን ማን ያመጣዋል? የአገር ቤት በዓል በዴንቨርና በአውሮራ

የ2018 ዓ.ም ዕንቁጣጣሽ በዴንቨርና በአውሮራ የዋለው በሥራ ቀን፣ ሐሙስ ዕለት ነበር። ቀኑ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር (እ.አ.አ) ሴፕቴምበር 11 ቀን 2025 ነው። በዚህ ዕለት በመላው አሜሪካ በመንግሥት ሕንፃዎች ላይ ሰንደቅ ዓላማ ዝቅ ብሎ ይውለበለባል፤ እ.አ.አ በ2001 በኒውዮርክ፣ በፔንታጎንና በፔንስልቬንያ በደረሰው ጥቃት ሕይወታቸውን ያጡ ሰዎች ይታሰባሉ። ጥቃቱ የደረሰበት ማለዳ በኢትዮጵያ የዘመን አቆጣጠር መስከረም 1 ቀን 1994 ዓ.ም ነበር። ከዚያ ወዲህ በአሜሪካ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን አዲሱን ዓመት የሚቀበሉት፣ አብዛኛውን ጊዜ፣ ጎረቤታቸው ሐዘን በተቀመጠበት ዕለት ነው።

በዚያ ሐሙስ ትምህርት ቤቱም መሥሪያ ቤቱም ክፍት ነበር። በአደባባይ በዓል መሆኑን የሚናገር ምልክት አልነበረም። በአገር ቤት በዓል ሰውን ፈልጎ ይመጣል፤ የገበያው ግርግር፣ የቄጤማው ሽታ፣ የጎረቤት ጥሪ ያልተዘጋጀውንም ሰው ያገኘዋል። በኮሎራዶ ግን በዓል በራሱ እግር አይመጣም። አንዱ ቀን ቆርጦ፣ ሌላው ከሥራ ፈቃድ ጠይቆ፣ ሌላው በግ አፈላልጎ፣ ሌላዋ እንጀራ አዝዛ ካላመጡት ዕለቱ እንደማንኛውም ሐሙስ ያልፋል። ይህን ሁሉ የሚያደርጉት ደግሞ ብዙውን ጊዜ ዘመዳሞች ሳይሆኑ ጓደኛሞች ናቸው።

ለመሆኑ በዓል በሰው አገር እንዴት ይዘጋጃል? የአገሩ ሕግስ ምን ይፈቅዳል? በዝግጅቱ መሃል የሚቀረውና የሚጎድለው ማን ነው?

ከፍታ ላይ ያሉ ሁለት ከተሞች

ዴንቨር የኮሎራዶ ግዛት ዋና ከተማ ናት። አውሮራ ደግሞ በምሥራቅ በኩል ከዴንቨር ጋር ተያይዛ የምትገኝ የግዛቲቱ ሦስተኛ ትልቅ ከተማ ነች። እ.አ.አ በ2020 በተካሄደው የሕዝብ ቆጠራ ዴንቨር 715,522፣ አውሮራ 386,261 ነዋሪዎች ነበሯቸው። ከአውሮራ ነዋሪዎች ከአምስት አንድ ያህሉ ከአሜሪካ ውጭ የተወለዱ ሲሆኑ፣ ኢትዮጵያም ብዙ ሰው ከመጣባቸው አገሮች አንዷ ናት።

አሜሪካ እ.አ.አ በ1980 ያወጣችው የስደተኞች ሕግ፣ በኋላም ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ የዲቪ ዕጣ ለኢትዮጵያውያን በር ከፍተዋል። ዛሬ ሁለቱን ከተሞች በሚያቋርጠው የኮልፋክስ ጎዳናና በአካባቢው የሐበሻ ምግብ ቤቶች፣ ቡና ቤቶችና የባልትና ሱቆች ይገኛሉ። አንዳንዶቹ እንደ አራዳና መገናኛ ያሉ ስሞችን ከአዲስ አበባ ሰፈሮች ወስደዋል።

ከተሞቹ ከኢትዮጵያ ጋር ይፋዊ ዝምድናም አላቸው። ዴንቨር እ.አ.አ ከ1995 ጀምሮ የአክሱም እህት ከተማ ስትሆን፣ በስሟ የተሰየመ መናፈሻም አላት። አውሮራ ደግሞ የአዳማ እህት ከተማ ናት።

የመልክዓ ምድሩ ነገርም አለ። ዴንቨር ከባሕር ወለል በላይ 1,609 ሜትር ከፍታ ላይ ትገኛለች፤ ነዋሪዎቿም በከፍታዋ ይኮራሉ። 2,350 ሜትር ገደማ ላይ ከምትገኘው አዲስ አበባ ለመጣ ሰው ግን ቁልቁል የመውረድ ያህል ነው። በሴፕቴምበር በየመንገዱ ዳር የሱፍ አበባ ዘመድ የሆኑ ቢጫ የዱር አበቦች ይፈካሉ። አደይ አበባ አይደሉም፤ ነገር ግን ከአደይ አበባ ጋር በአንድ የዕፅዋት ቤተሰብ የሚመደቡ ናቸው። በዓሉን ለሚያስብ ሰው ይህም ትንሽ መጽናኛ ነው።

ሐሙስ ወደ ቅዳሜ ሲዛወር

በውጭ አገር የሚከበር በዓል የመጀመሪያው ጥያቄ ‘መቼ ይሁን?’ የሚል ነው። አሜሪካ 11 የፌደራል በዓላት አሏት። ከእነዚህ ውስጥ ከኢትዮጵያ በዓላት ጋር የሚገጥሙት በአጋጣሚ ነው። ለምሳሌ ጥር 11 ቀን 2018 ዓ.ም የዋለው ጥምቀት በጃንዋሪ ሦስተኛ ሰኞ ከሚከበረው የማርቲን ሉተር ኪንግ መታሰቢያ ጋር አንድ ቀን ሆኗል። ገና ግን በዚያው ዓመት ረቡዕ ላይ ነበር የዋለው። ሁልጊዜ እሑድ የሚውለው ፋሲካ ብቻ ነው፤ እርሱም ቢሆን በአውሮፕላን ማረፊያ፣ በሆስፒታል ወይም በአረጋውያን መጦሪያ በፈረቃ ለሚሠራ ሰው ዕረፍት ማለት አይደለም።

ስለዚህ በዓሉ ለሁለት ይከፈላል። ጸሎቱ ወይም ስግደቱ በዕለቱ ይፈጸማል፤ ማዕዱና ጨዋታው ደግሞ ወደሚቀጥለው ቅዳሜ ወይም እሑድ ይተላለፋል። በዋትስአፕ ወይም በቴሌግራም የጓደኛሞች ቡድን ውስጥ ‘ማን መቼ ይወጣል?’ እየተባለ የሥራ ፈረቃ ይተያያል። ሁሉም የሚገኝበት ቀን ሲጠፋ ብዙዎቹ የሚገኙበት ይመረጣል። ዕለቱን መተው በዓሉን መተው እንዳልሆነ የሚስማሙ ብዙዎች ናቸው። ይሁንና ከሰኞ እስከ ዓርብ ሁሉን ነገር እያሳለፉ፣ ቅዳሜ በዓል ማድረግን እንደ ጉድለት የሚቆጥሩም አሉ።

እዚህ ላይ ብዙ ሠራተኞች ልብ የማይሉት የሕግ መብት አለ። የግል አሠሪ ለበዓል ቀን ክፍያ ያለው ዕረፍት እንዲሰጥ የሚያስገድድ የፌደራል ሕግ የለም። ሆኖም እ.አ.አ በ1964 የወጣው የሲቪል መብቶች ሕግ 15 እና ከዚያ በላይ ሠራተኞች ያሉት አሠሪ ለሠራተኞቹ ሃይማኖታዊ ግዴታ ተገቢውን ማመቻቸት እንዲያደርግ ያዝዛል። የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በጁን 2023 በአንድ የፖስታ ሠራተኛ ጉዳይ በሰጠው ውሳኔ ይህን መብት አጠናክሮታል። ቀደም ሲል አሠሪው ቀላል የሚባል ወጪን እንኳ ምክንያት አድርጎ እምቢ ማለት ይችል ነበር፤ አሁን ግን ጥያቄው በድርጅቱ ሥራ ላይ ከፍ ያለ ጫና የሚያስከትል መሆኑን ማሳየት ይጠበቅበታል።

መብቱ ወሰን አለው። የሚጠብቀው ሃይማኖታዊ በዓልን ነው። ገና፣ ፋሲካ፣ ጥምቀት፣ ዒድ አልፈጥርና አረፋ ያለ ጥርጥር ይገቡበታል። የዓድዋ ድል በዓል ግን አይገባበትም። ዕንቁጣጣሽ በመካከል ነው፤ ለአንዳንዱ የዘመን መለወጫ ብቻ ሲሆን፣ ለኦርቶዶክስ ምእመን የቅዱስ ዮሐንስ በዓልም ነው። የሚሰጠው ዕረፍትም ክፍያ ላይኖረው ይችላል። ጥያቄውን አስቀድሞ፣ ቢቻል በጽሑፍ ማቅረብ ይረዳል።

ሕጉ ከሚያውቃቸው መፍትሔዎች አንዱ በፈቃደኝነት ፈረቃ መቀያየር ነው። በዲሴምበር 25 ለመሥራት ፈቃደኛ የሚሆን ኢትዮጵያዊ በጃንዋሪ 7 ቦታውን የሚሸፍንለት አሜሪካዊ ባልደረባ አያጣም። የሁለቱ የዘመን አቆጣጠሮች ልዩነት፣ ሌላ ጊዜ ችግር ሆኖ የሚታየው፣ እዚህ ላይ ለሁለቱም ወገን ጥቅም ይሆናል።

ቅርጫና የኮሎራዶ ሕግ

ቀኑ ከተቆረጠ በኋላ የሥጋ ጉዳይ ይመጣል። በኢትዮጵያ ጎረቤታሞች ወይም የሥራ ባልደረቦች ገንዘብ አዋጥተው በሬ ይገዛሉ፤ ሥጋው በመደብ በመደብ ተከፍሎ በዕጣ ይከፋፈላል። ቅርጫ ሥጋ የመግዣ ዘዴ ብቻ አይደለም። ከአንድ በሬ የሚካፈሉ ሰዎች በመካከላቸው መተማመን አለ።

ኮሎራዶ የከብትና የበግ እርባታ የተስፋፋበት ግዛት በመሆኑ ይህ ልማድ መሬት አግኝቷል። ከዴንቨር በስተ ሰሜንና በስተ ምሥራቅ የእርሻና የእርባታ አገር ይጀምራል። የግዛቲቱ ሕግ አውጪዎች እ.አ.አ በ2021 ያጸደቁትና ‘ከእርባታ እስከ ማዕድ’ ሊባል የሚችል ስያሜ ያለው ሕግ ደግሞ አርቢዎች እንደ ከብት፣ በግና ፍየል ያሉ እንስሳትን፣ ወይም የአንድን እንስሳ ድርሻ፣ በቀጥታ ለተጠቃሚው እንዲሸጡ ይፈቅዳል። ሕጉ የወጣው ለሐበሻ ተብሎ አይደለም፤ አነስተኛ አርቢዎችን ለማገዝ ነው። ነገር ግን የአንድን እንስሳ ድርሻ ተካፍሎ መግዛት ሲባል ኢትዮጵያዊ አንባቢ ወዲያው የሚያስበው ቅርጫን ነው። ገዢዎቹ ሥጋውን ለራሳቸው ማዋል እንጂ መልሰው መሸጥ አይችሉም።

በከተማው ውስጥም ጉዳዩ መነጋገሪያ ሆኖ ያውቃል። እ.አ.አ በኖቬምበር 2024 የዴንቨር መራጮች በከተማዋ ክልል ቄራ እንዳይኖር የሚከለክል ሐሳብ ቀርቦላቸው በሰፊ ድምፅ ውድቅ አድርገውታል። በሐሳቡ ሊዘጋ ይችል የነበረው በከተማዋ ያለው አንድ የበግ ቄራ ነበር። ሐላል የበግ ሥጋ የሚያቀርብ በመሆኑም፣ ድምፁ ለሙስሊም ነዋሪዎች የሩቅ ጉዳይ አልነበረም።

እሳት ግን በቀላሉ አይፈቀድም። የኮሎራዶ አየር ደረቅ ነው። እ.አ.አ በዲሴምበር 2021 መጨረሻ በቦልደር አካባቢ የተነሣው ማርሻል የተባለው ቃጠሎ ከ1,000 በላይ ቤቶችን አውድሟል። ስለዚህ ለዕንቁጣጣሽ ዋዜማ ችቦ ማብራትና ለመስቀል ደመራ መደመር የቦታ፣ የፈቃድና የጥንቃቄ ጉዳይ ነው። ብቻውን ያለ ሰው አይሞክረውም፤ ሰብሰብ ብሎ፣ ኃላፊነት የሚወስድ ተመርጦ፣ ደንቡ ተጠይቆ የሚደረግ ነው።

ማዕዱን ማን ይሠራዋል?

የጤፍ እህልን ወደ ውጭ መላክ ኢትዮጵያ እ.አ.አ በ2006 ከልክላ ነበር፤ የተጋገረ እንጀራ ግን ይላካል። በሌላ በኩል ጤፍ በአሜሪካዋ አይዳሆ ግዛት እ.አ.አ ከ1980ዎቹ ጀምሮ ይመረታል። በአውሮራ የሚበላው እንጀራ እንግዲህ ዱቄቱ የአሜሪካ፣ እርሾው የኢትዮጵያ ሊሆን ይችላል። ብዙ ሰው ከሱቅ ይገዛል፤ ለበዓል ግን አስቀድሞ ማዘዝ ያስፈልጋል።

በዴንቨር ከፍታ ውኃ የሚፈላው በ95 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ነው፤ በአዲስ አበባ ደግሞ በ92 ዲግሪ አካባቢ። የዴንቨር የምግብ አሠራር መጻሕፍት ለከፍታ ቦታ የተለየ ምክር ይሰጣሉ። የአዲስ አበባ ባለሙያ ግን ከዚህ በበለጠ ከፍታ ላይ ወጥ ስታወጣ ኖራለችና ምክሩ አያሻትም።

ዋናው ጥያቄ የድካም ነው። ዶሮ 12 ብልት ሆኖ በሥርዓቱ ተገንጥሎ፣ ሽንኩርቱ ለሰዓታት በስሎ የሚወጣው ዶሮ ወጥ በአገር ቤት የእናት፣ የእህት፣ የጎረቤት እጅ ያረፈበት ሥራ ነው። በአሜሪካ ከ10 ሰዓት ፈረቃ ለተመለሰች ሴት ይህን ሁሉ ብቻዋን መሥራት በዓልን ሌላ ሥራ ያደርገዋል። በጓደኛሞች በዓል ሥራው ይከፋፈላል፤ አንዷ ዶሮውን፣ ሌላዋ ክትፎውን፣ አንዱ ድፎ ዳቦውን፣ አንዱ መጠጡን ይዞ ይመጣል። በአገር ቤት ሽንኩርት ልጦ የማያውቅ ወንድ እዚህ ከትፎ ሲያቀርብ ማየት እንግዳ አይደለም። ይህ ልማድ በሁሉም ቤት ገብቷል ማለት ግን አይቻልም። ግብዣው በአንድ ቤት ከሆነ፣ እንግዶቹ ከሄዱ በኋላ ሳህን የምታጥበው ብዙውን ጊዜ አንዲት ሴት ናት።

ቄጤማው ብዙ ጊዜ በፕላስቲክ ሣር ይተካል። ቡና ሲቆላና ዕጣን ሲጨስ የአፓርታማው የጭስ ማስጠንቀቂያ እንዳይጮህ በጃንዋሪ ብርድ መስኮት ይከፈታል።

የጓደኛሞች ማዕድ ከዘመዳሞች ማዕድ የሚለይበት ሌላም ነገር አለ። ጓደኛ በሃይማኖት አይመረጥም። በአንድ ቤት ኦርቶዶክሱ፣ ሙስሊሙና ፕሮቴስታንቱ ይገናኛሉ። ሥጋ የሚበላው እንደየእምነቱ ታርዶ በመሆኑ ሁለት ድስት ይጣዳል፤ ወይም ሁሉም የሚበሉት ዓሣና አትክልት ይቀርባል። በ2017 ዓ.ም ሁዳዴ የገባው እ.አ.አ ፌብሩዋሪ 24 ቀን 2025 ሲሆን፣ ረመዳን ከአምስት ቀን በኋላ ማርች 1 ጀመረ። ዒድ አልፈጥር በዋለ ጊዜ ክርስቲያኑ ገና በጾም ላይ ነበር። በዚህ ጊዜ ለዒድ የሚጠራ ሙስሊም ወዳጅ ለክርስቲያን ጓደኛው ሽሮና ምስር ለይቶ ማሰናዳት እንዳለበት ያውቃል። ይህ ወግ በኮሎራዶ የተፈጠረ አይደለም፤ ከወሎም፣ ከአዲስ አበባም፣ ከሌላውም የመጣ የአብሮ መኖር ዕውቀት ነው።

የዘጠኝና የዐሥር ሰዓት ርቀት

በክረምታቸው ዴንቨር ከአዲስ አበባ በ10 ሰዓት፣ በበጋቸው ደግሞ በ9 ሰዓት ወደ ኋላ ትቀራለች። የፋሲካ ዶሮ በአዲስ አበባ እኩለ ሌሊት ላይ ሲጮህ በአውሮራ ገና ቅዳሜ ከቀኑ 9 ሰዓት ነው። የኮሎራዶው ምእመን ከቅዳሴ ወጥቶ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ጾሙን ሲፈታ ደግሞ በአገር ቤት እኩለ ቀን ሆኖ፣ በግ ታርዶ፣ እንግዳ ተቀምጧል።

በዚህ ምክንያት ስልኩ የሚደወለው በሁለት የተለያዩ በዓላት መካከል ነው። እናት ‘ምን በላህ?’ ስትል ልጅ ገና ሥራ ላይ ነው። ‘ከማን ጋር ነህ?’ የሚለው ጥያቄ ግን ከሁሉ ይከብዳል። ከጓደኞቹ ጋር ያለ ሰው ስልኩን ለሁሉም ያዞራል፤ እናትም የማታውቃቸውን ሰዎች አንድ በአንድ ትመርቃለች። ብቻውን ያለ ሰው ደግሞ ጥሪውን ያሳጥራል። ከዴንቨር ወደ አዲስ አበባ ቀጥታ በረራ የለም፤ የስደት ጉዳያቸው ያልተቋጨ ሰዎች ደግሞ ቢኖርም ሊሳፈሩ አይችሉም። ለእነርሱ ስልኩ ብቸኛው መንገድ ነው።

ጓደኝነትም ይፈተናል

የጓደኛሞች በዓል ሁልጊዜ የሚያስተቃቅፍ ነው ብሎ መጻፍ እውነቱን ማጉደል ይሆናል። እ.አ.አ በ1991 በኢትዮጵያ ከተደረገው የመንግሥት ለውጥ በኋላ የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ሲኖዶስ ለሁለት ተከፍሎ፣ በውጭ ያሉ ምእመናን ‘የአገር ቤቱ’፣ ‘የስደተኛው’ እና ‘ገለልተኛ’ እየተባሉ ከሩብ ምዕተ ዓመት በላይ ተለያይተዋል። በአንድ ከተማ እየኖሩ ፋሲካን በተለያየ ቤተ ክርስቲያን ያደሩ ጓደኛሞች ብዙ ናቸው። በጁላይ 2018 በዋሽንግተን ዕርቅ ሲወርድ፣ የተፈቱት የአባቶች ጉዳዮች ብቻ አልነበሩም።

እ.አ.አ ከኖቬምበር 2020 እስከ ኖቬምበር 2022 በትግራይ የተካሄደው ጦርነትና ከዚያም በኋላ በአማራ፣ በኦሮሚያና በሌሎች አካባቢዎች የቀጠለው ግጭት ደግሞ በብዙ ቤት ማዕድ ላይ ተቀምጧል። ዴንቨር የአክሱም፣ አውሮራ የአዳማ እህት ከተማ ሆነው ሳለ፣ የእነዚህ አካባቢዎች ልጆች በአንድ ክፍል መቀመጥ የከበዳቸው ዘመን መጥቷል። ከቡድን መልእክት የወጡ፣ መጠራት ያቆሙ ሰዎች አሉ። አንዳንድ ጓደኛሞች ‘በዕለቱ ፖለቲካ አይነሣም’ የሚል ስምምነት ይዘው ዘልቀዋል። ይህ ዝምታ ለአንዱ ጥበብ ነው፤ ቤተሰቡን በጦርነቱ ላጣው ግን ሌላ ቁስል ሊሆን ይችላል። ‘እንዴት ሰነበትክ?’ ብሎ ሐዘኑን መጠየቅ ፖለቲካ አለመሆኑን የተረዱ ወዳጆች ግን አብረው ቀጥለዋል።

ያልተጠራው ሰው

በአገር ቤት በዓል ዕለት በር ይከፈታል፤ የገባ ሁሉ እንግዳ ነው። በአውሮራ አፓርታማ በር የሚከፈተው ለተጠራ ሰው ነው። አድራሻ፣ መኪና፣ የበሩ ቁጥር ያስፈልጋል። ስለዚህ በዓሉን የሚያጡት ሰዎች ዓይነታቸው ይታወቃል፤ ገና የመጣው፣ መኪና የሌለው፣ በሌሊት ፈረቃ የሚሠራው፣ ከትዳሩ የተለየው፣ ልጆቹ ወደ ሌላ ግዛት የሄዱበት አረጋዊ። እነዚህ ሰዎች ቅር ብሏቸው እንኳ ‘ጥሩኝ’ አይሉም፤ ባህሉ አይፈቅድላቸውም።

እድር፣ እቁብና የጽዋ ማኅበር በውጭ አገር የቀጠሉት አንድም ለዚህ ነው። ስም ዝርዝር ያለበት ማኅበር የቀረውን ሰው ያውቃል። ማኅበር የሌላቸው ጓደኛሞች ግን ይህን ሥራ ለአንድ ሰው በአደራ መስጠት ይችላሉ። ሥጋውን የሚገዛ፣ እንጀራውን የሚያዝዝ እንደሚመደብ ሁሉ፣ ‘ማን ቀረ? ማን ያመጣዋል?’ ብሎ የሚጠይቅና መኪና የሚልክ ሰው ያስፈልጋል።

ልጆችም አሉበት። በአገር ቤት ወንዶች ልጆች ሥዕል ስለው፣ ሴቶች ልጆች አበባ ይዘው እየጨፈሩ ከቤት ወደ ቤት ይዞራሉ። በአውሮራ አንድ ልጅ የማያውቀውን በር ሊያንኳኳ አይችልም፤ የሚያንኳኳው የወላጆቹን ጓደኞች በር ነው። ‘አጎቴ’፣ ‘አክስቴ’ የሚላቸውም እነርሱን ነው። ጓደኛሞቹ መሰብሰብ ካቆሙ ለልጁ የሚቀረው በዓል በስልክ የሚታይ የሌላ ሰው በዓል ይሆናል።

መስከረም 1 ቀን 2019 ዓ.ም የሚውለው ዓርብ፣ ሴፕቴምበር 11 ቀን 2026 ነው፤ እንደገና ፈቃድ መጠየቅ የግድ ይሆናል። ነገር ግን 2019 ዓ.ም ዘመነ ሉቃስ በመሆኑ ጳጉሜን 6 ቀን ትሆናለች። ስለዚህ የ2020 ዓ.ም ዕንቁጣጣሽ ሴፕቴምበር 12 ቀን 2027፣ እሑድ ይውላል። በዚያን ጊዜ ሰንደቅ ዓላማው ከፍ ብሎ ይውለበለባል፤ ብዙ ሰውም ከሥራ ያርፋል። ዕለቱና ማዕዱ ከስንት ጊዜ አንዴ በአንድ ቀን ይገናኛሉ። ዶሮውን ማን እንደሚሠራ ከመነጋገር ጎን ለጎን፣ በዚያ እሑድ በር ማን እንደሚንኳኳለት ካሁኑ ማሰብ ይቻላል።